ሎሚው በእጇ ይሁን

የሆስፒታል ሽታ የሚቀበላችሁ ገና ደረጃው ላይ ነው። በረኪና፣ አልኮል፣ በፔርሙስ ከቤት የመጣ ሾርባ፣ ዝናብ የመታው ጋቢ። አስታማሚ ሲሰነብት ይለምደዋል። ታማሚ ላይ ግን ጭራሽ እየባሰ ነው የሚሄደው።

አክስቴ እታለም ኬሞ፣ ያንን የካንሰር መድኃኒት፣ ጀምራለች። የምንመላለሰው መሃል አዲስ አበባ ካሉት ሆስፒታሎች ወደ አንዱ ነው። ያቺ ቡና ወዳድ ሴትዮ አሁን ቡና ሲቆላ ከሸተታት ፊቷን ታዞራለች። መድኃኒቱ ክንዷ ላይ ሳይሰካ፣ ገና ኮሪደሩ ላይ ስንደርስ ሆዷ ይገለበጣል። ይሄ ሞልቃቃነት አይደለም፤ ብዙ የኬሞ ታማሚዎች ላይ የሚታይ ነገር ነው። አንጎል ሽታውን ከማቅለሽለሹ ጋር አንዴ ካያያዘው፣ ሁለተኛ መድኃኒቱን አይጠብቅም። ሽታ ደግሞ ከሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት ይለያል። ከአፍንጫ ተነስቶ ፍርሃትና ትዝታ ወዳሉበት የአንጎል ክፍል በአቋራጭ ነው የሚገባው።

ዛሬ ጠዋት በጣም ብሶባት ነበር። ሲስተሯ መጣች። ለመርፌ ቆዳ የሚጠረግበትን አልኮል ስዋብ ከማሸጊያው ቀደደችና ከአፍንጫዋ ዝቅ አድርጋ ያዘችላት።

«እማማ፣ በአፍንጫዎ ቀስ አድርገው ይሳቡ። እንደሱ። አሁን ደግሞ ይድገሙት።»

እታለም ዓይኗን ጨፍና ሳበች። ትንሽ ቆይቶ የጨበጠችውን አንሶላ ለቀቀችው።

ማታ ቤት ገብቼ ስለዚህ ነገር አነበብኩ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት ነው። ድንገተኛ ክፍል የመጡ 80 የሚያቅለሸልሻቸው ሰዎች ላይ ተሞክሯል። ገሚሱ አይሶፕሮፒል አልኮል ያለው ስዋብ አሸተቱ፣ ገሚሱ በጨው ውሃ የራሰ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ማቅለሽለሻቸውን ከ10 ሲመዝኑት፣ የአልኮሎቹ መካከለኛ ውጤት 3፣ የጨው ውሃዎቹ 6 ሆነ። እርግጥ እነዚያ የኬሞ ታማሚዎች አልነበሩም። እታለምም የታዘዘላትን ማስታገሻ አልተወችም።

እኛ አገር እኮ ይሄ ነገር ድሮም አለ። ረጅም መንገድ የሚያስመልሰው ሰው ሎሚ ይዞ ነው አውቶቡስ የሚሳፈር። ሰው በተሰበሰበበት አንዱ ራሱን ሲስት መጀመሪያ የሚሰማው «ሎሚ የያዘ!» የሚል ጩኸት ነው። (ክብሪቱ ግን ይቅርብን። የሚጥል በሽታ የጣለው ሰው አፍንጫ ሥር ክብሪት መጫር ምንም አይፈይድለትም። በጎኑ አስተኝቶ፣ ጭንቅላቱ እንዳይመታ መጠበቅ ነው።)

ስለዚህ ከፒያሳ ቁልቁል ስወርድ መንገድ ላይ ከሚሸጡት ሎሚ እገዛላታለሁ። አትቆርጠውም። ልጣጩን በአውራ ጣቷ ጥፍር ጫር ታደርገዋለች፣ ዘይቱ ብን ይላል፣ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋዋለች። ሲበቃት ኮመዲኖው ላይ ታስቀምጠዋለች። ለእኔ ዋናው ነገር ይሄ ማስቀመጧ ነው።

ባለፈው ለምርመራ የሄድንበት አንድ የግል ክሊኒክ ማረፊያው በሙሉ ኤር ፍሬሽነር ተነፍቶበት ጠበቀን። ጽጌረዳ ነው አሉ። አጠገባችን የነበሩት አባት አስም ሳይኖርባቸው አልቀረም፣ ሳል በሳል ሆነው ውጭ ወጡ። እታለም በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ ተራዋን ጠበቀች። የተነፋ ሽታ የት ይኬድለታል? ለቤቱ ባለቤት እንግዳ ማክበር ነው፤ ለሕመምተኛው ግን ማምለጫ የሌለው ነገር ነው።

ደግሞ ጥሩ ሽታ የሚባለው ለማን ነው? ቅርንፉድን ውሰዱ። ለእኛ ሻይ ነው። የጥርስ ሐኪም ቤት ሽታ ከሚባለው ዋነኛው ግን ከዚሁ የቅርንፉድ ዘይት የሚገኘው ዩጂኖል ነው። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ጥርስ ሐኪም የማይፈሩት ሽታውን ወደዱት፣ የሚፈሩት ጠሉት። ያው አንድ ብልቃጥ! ቪየና ላይ በአንድ የጥርስ ሐኪም ማረፊያ ክፍል የብርቱካን ሽታ ሲለቀቅ ሴቶቹ ረጋ ማለታቸው በ2000 እ.ኤ.አ. ተጽፏል። ደስ ይላል። ግን ብርቱካን ክፉ ቀን የሚያስታውሳት አንዲት ሴት እዚያ ተቀምጣ ቢሆንስ?

እጣንም ተነስቶ ነበር። ልትጠይቃት የመጣች ጎረቤታችን «ትንሽ እንኳ ቦግ ብናደርግላት» ስትል ሲስተሯ ሳቀች። «እናቴ፣ ኦክስጅን እኮ ነው ያለው። እሳት አይገባም።» ቀጥላ የተናገረችው ግን ውስጤ ቀረ። ከቁስል መጥፎ ሽታ ሲመጣ እሷ ቁስሉን ነው ከፍታ የምታየው። ምናልባት አመርቅዞ ይሆናል፣ ምናልባት መድኃኒት ያስፈልገዋል። ሽቶ ከተረጨበት ማን ያውቃል? መጀመሪያ ይጸዳ፣ መስኮቱ ይከፈት፣ ባልዲው ይደፋ። ሎሚው ከዚያ በኋላ ነው።

አመሻሹ ላይ ልወጣ ስል እታለም ጠራችኝ።

«ነይ፣ ይሄን ሎሚሽን ይዘሽልኝ ሂጂ።»

«ምነው፣ ደረቀ እንዴ?»

«ኧረ አልደረቀም። እሱም ሆስፒታል ሆስፒታል ይለኝ ጀመር። ለሚመጣው ዙር ጠጅ ሳር አምጪልኝ።»