ናይትራይት መለያ ወረቀት፦ ቀለሙ ወደ ጠርዝ ለሚሸሽባችሁ

ውሃ ውስጥ ናይትራይት መኖሩን ሮዝ በመሆን የሚያሳየው ወረቀቴ፣ ናሙና የሚያርፍበትን ክብ ሙሉ የሚሸፍን ወጥ ቀለም መስጠት ጀምሯል። መሃሉ ነጣ ብሎ ዳሩ ላይ ደማቅ ቀለበት ለሚሠራባችሁ ይኸው።

አዘገጃጀቱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዋትማን ቁጥር 1 ማጣሪያ ወረቀት ላይ ውሃው እንዳያልፍ የክቦቹን ዙሪያ በሰም አትሞ፣ 120 ዲግሪ ላይ ለ2 ደቂቃ ማሞቅ። ሰሙ ሲቀልጥ ወደ ጎንም ስለሚሰርግ፣ 6 ሚሊሜትር ክብ የሚፈልግ ሰው ሰፋ አድርጎ ያትም። ለ10 ሚሊሊትር ውህድ ሰልፋኒላማይድ 0.086 ግራም፣ ሲትሪክ አሲድ 0.634 ግራም፣ ኤንኢዲ (ከሰልፋኒላማይድና ከናይትራይት ጋር ሮዙን ቀለም የሚሠራው ኬሚካል) 0.026 ግራም፣ የቀረው የተጣራ ውሃ ነው። ጓንት አይረሳ፤ ጠርሙሱም ብርሃን የማያስገባ ይሁን።

አሁን ወደ ቀለበቱ። ብዙ ሰው ኬሚካሉን ይጠረጥራል፤ ጥፋቱ ግን የውሃው ነው። 6 ሚሊሜትር ክብ ስፋቱ 28 ካሬ ሚሊሜትር፣ የወረቀቱ ውፍረት 0.18 ሚሊሜትር ነው፤ ሲባዛ 5 ማይክሮሊትር ይሆናል። ከዚያ ላይ አንድ ሦስተኛ የሚሆነውን የወረቀቱ ክር ራሱ ስለያዘው፣ ለፈሳሽ የሚተርፈው 3.4 ማይክሮሊትር አካባቢ ብቻ ነው። 10 ማይክሮሊትር ሲንጠባጠብበት ትርፉ ከላይ ጉብ ብሎ ይቀመጣል። ዳር ዳሩ ቶሎ ስለሚተን የመሃሉ ውሃ ወደዚያ ይሮጣል፣ ሟሚውን ቀለምም ይዞት ይሄዳል። በዚያ ላይ መሃል ላይ ያረፈው ጠብታ ገና ያልሠራውን ውህድ ራሱ እየገፋ ወደ ዳር ያወጣዋል።

ስለዚህ ውህዱን 1.5 ማይክሮሊትር፣ ሁለት ጊዜ፣ በመሃል እያደረቁ ማድረግ ይሻላል። ወረቀቱ በጠፍጣፋ ቦታ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ያለ ማራገቢያ ይድረቅ፤ ሙቅ አየር ራሱ ቀለበት ይፈጥራል።

ናሙናውን ደግሞ ከላይ አታንጠባጥቡ፣ ከታች አጠጡት። ውህድ የሌለው ሌላ እኩል ክብ መስታወት ላይ አስቀምጡ፣ 7 ማይክሮሊትር ናሙና ስጡት፣ ወዲያው የተዘጋጀውን ክብ ገጥማችሁ ደርቡበት፣ ከላይ በሌላ መስታወት ክደኑት። ፈሳሹ 3 ሚሊሜትር ወደ ጎን ከመጓዝ ይልቅ 0.18 ሚሊሜትር ወደ ላይ ይወጣል፤ መስታወቱም ትነቱን ያቆመዋል። ወረቀቱን ናሙና ውስጥ መንከር ግን አይሆንም፣ ውህዱ ታጥቦ ይወጣል። ካይቶሳን (ከሽሪምፕና ከመሰል እንስሳት ቅርፊት የሚሠራ ንጥረ ነገር) መቀባትም ይረዳል፤ ሆኖም መጠኑን ሳያስተካክሉ ካይቶሳን ላይ መሮጥ ችግሩን መሸፈን ነው።

ለመለኪያ 0.150 ግራም ሶዲየም ናይትራይት በ1 ሊትር ውሃ 100 ሚሊግራም በሊትር ናይትራይት ይሰጣል፤ ከዚያ ወደ 1፣ 3፣ 5 እና 10 ሚሊግራም በሊትር አቅጥኑ። 3 አይቅር፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን እሱ ነው። ሁሉንም ናሙና ከተሰጣቸው በ10ኛው ደቂቃ ፎቶ አንሡ፤ ፍላሽ ይጥፋ፣ የካሜራው ነጭ ሚዛን (ዋይት ባላንስ) ይቆለፍ፣ ባዶው ወረቀት (ውህድ ያለው፣ ናይትራይት ያልነካው) እዚያው ፎቶ ውስጥ ይግባ። ሮዝ ቀለም አረንጓዴ ብርሃን ስለሚውጥ ከፎቶው የሚነበበው አረንጓዴው ቁጥር ነው፤ የሦስቱን ቀለም አማካይ መውሰድ ልዩነቱን ያደበዝዘዋል።

ባዶው ወረቀት ሳይነካ ከቀላ፣ በአየር ውስጥ ያለ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነክቶታል። ማድረቂያ ከተጨመረበት የታሸገ ከረጢት ውጭ አታሳድሩት። በጣም ብዙ ናይትራይት ያለበት ናሙና ደግሞ ቀለሙን ወደ ቢጫ ሊመልሰው ስለሚችል፣ ሮዙ እንግዳ ሲሆንባችሁ 10 እጥፍ አቅጥናችሁ ድገሙት።