ልጄ ሩጫ ትወዳለች፤ ሒሳቡንም ከዚያው ጀመርን

ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት። ሩጫ ነፍሷ ነው። የሯጮቻችንን ስም፣ ያሸነፉበትን ከተማ፣ የገቡበትን ሰዓት በአንድ አሮጌ ደብተር ትጽፋለች። ቴሌቪዥን ላይ ውድድር ካለ ምግብም አይታሰብም። ሒሳብ ላይ ግን ነጥብ ያለው ቁጥር ሲመጣ ፊቷ ይጠቁራል።

ብዙ ወላጅ «መጀመሪያ ጥናት፣ ሩጫው ይደርሳል» ይላል። ሐሳቡ ይገባኛል። እኔ ግን ያቺ አሮጌ ደብተር ራሷ ጥናት ሆና ታየችኝ። ማንም ሳያዝዛት የምትጽፈው ቁጥር እዚያ ውስጥ ሞልቷል። ስለዚህ የቤት ሥራዋን ከዚያች ደብተር ጋር አያይዘን መሥራት ጀመርን።

መነሻችን ማራቶን ነበር። ርቀቱ 42.195 ኪሎ ሜትር ነው። «ከዚህና ከ42.5 የቱ ይበልጣል?» አልኳት። «42.195 ነዋ! አባዬ፣ 195 እኮ ከ5 ይበልጣል።» አላረምኳትም። ሁለቱንም ወደ ሜትር ቀይሪልኝ አልኳት። 42,195 እና 42,500 ብላ አንዱን ከአንዱ በታች ጻፈች። ትንሽ አየችውና «እንዴ! 5ቱ ለካ አምስት መቶ ሜትር ነው» አለች። ከነጥብ በኋላ ዜሮ ጨምራችሁ አወዳድሩ የሚለውን ነገር ክፍል ውስጥ ተምራዋለች። ለምን እንደሚጨመር የገባት ግን ያን ጊዜ ነው።

ቀጥሎ ሰዓት መቀነስ መጣ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ የገባው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2008 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ የገባው ደግሞ በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ። ልዩነቱን ስትሠራ 11 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ አመጣች። ከደቂቃው አንድ ስትበደር እንደ 100 ቆጥራው ነው። «አንድ ደቂቃ ስንት ሰከንድ ነው?» ብቻ አልኳት። 16 ላይ 60 ደመረች፣ 76 ሆነ፣ 59 ቀነሰች፤ 11 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ። የ40 ሰከንድ ስህተት በሩጫ ምን ማለት እንደሆነ ለሷ ማስረዳት አያስፈልግም። «ይሄ እኮ ሜዳሊያ ያሳጣል!» ብላ ራሷ ተናደደች። በቀይ እስክሪብቶ ከሚመጣ ኤክስ ይልቅ ይህ ንዴት ብዙ ያስተምራል ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ የጣመን ግን የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ደብተሯ ላይ የሮም ኦሎምፒክ 1960፣ የቶኪዮው 1964 ይላል። አያቷ ደግሞ በእኛ ሮም 1952፣ ቶኪዮ 1957 ነው ይሏታል። «ኦሎምፒክ በየአራት ዓመቱ አይደል እንዴ? በእኛ ሲሆን እንዴት አምስት ይሆናል? አያቴ ተሳስተዋል» አለችኝ። መልሱን ባውቀውም አልነገርኳትም። ወረቀትና እርሳስ ይዘን ቀን መቁጠር ገባን። የሮም ማራቶን የተሮጠው ሴፕቴምበር 10 ነው። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ከዋለ፣ ሴፕቴምበር 10 ጳጉሜን 5 ነው። የ1952 የመጨረሻ ቀን! አንድ ቀን ቢዘገይ 1953 ይባል ነበር። የቶኪዮው ደግሞ ኦክቶበር 21፣ ማለትም ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዋለ። አያቷም ልክ፣ ደብተሯም ልክ።

በሁለቱ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ 7፣ አንዳንዴ 8 ነው የሚለውን ነገር በቃሏ ይዛው ነበር። አሁን መቼ 7፣ መቼ 8 እንደሚሆን ለሌላ ሰው ታስረዳለች። ወደ አያቷ ሮጣ «አበበ ያሸነፈው በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው!» ስትላቸው የልጅነታቸውን እንቁጣጣሽ አንስተው እስክንተኛ አወሯት። እሱንም ድርሰት አድርጋ ጻፈችው። አማርኛ ላይ ሦስት መስመር ጽፋ «ጨረስኩ» የምትል ልጅ ገጹ አልበቃ አላት።

10,000 ሜትር በ400 ሜትር ትራክ 25 ዙር ነው። ቀነኒሳ በቀለ በ2005 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ላይ የሮጠው 26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ለ25 ሲካፈል አንዱ ዙር 63 ሰከንድ ገደማ ይመጣል። ሰፈራችን ሜዳ ላይ በሜትር 100 ሜትር ለካንና ሮጠች። የራሷን በ4 አባዝታ ከ63 ጋር ስታስተያየው «እንዲህ እየሮጡ 25 ዙር?» ብላ አፏን ያዘች።

እንዲህ ስንሠራ የያዝኳቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ውድድር እያየች ሒሳብ አላነሳም። ያ የሷ ሰዓት ነው። የምትወደውን ነገር ሁሉ ወደ ፈተና ከለወጥኩባት ደብተሯን ትደብቀኛለች። ጥያቄው ከሷ ሲመጣ ብቻ አብሬ እቀመጣለሁ። ሁሉንም ትምህርት በሩጫ ማስተማርም አይቻልም። ክፍልፋይ ለምሳሌ በዳቦ ይሻላል፤ ቆርሶ ማሳየት ነው።

አንዱ ግን ግዴታ ነው። የዚያኑ ዕለት ወደ መማሪያ መጽሐፉ እንመለሳለን። ፈተና ላይ የሚመጣው ስኳርና ጨርቅ እንጂ አበበና ኃይሌ አይደሉም። በሩጫ የገባትን በስኳሩም ካልሠራችው ገና አልያዘችውም ማለት ነው።

ለሒሳብ መምህሯም ነገርኳቸው። ክፍላቸው በተማሪ የተጨናነቀ ነው፤ ለልጄ ብቻ የተለየ ነገር እንዲያደርጉ አልጠየቅኩም። ምን እንደምትወድና የትኛው ላይ እንደምትሳሳት ብቻ ነው ያሳወቅኳቸው። እሳቸው ከኔ በላይ ሄዱ። የትምህርት ቤቱን ግቢ ዙሪያ በቡድን አስለኩ። ኳስ ለሚወዱት ደግሞ ማሸነፍ 3፣ አቻ 1 ነጥብ እያሉ የሊግ ሰንጠረዥ እንዲሠሩ ሰጧቸው። ልጄ እንደነገረችኝ ከኋላ ወንበር የማይነሱት ልጆች ቀድመው ጨረሱ።

ታናሽ ወንድሟ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብቷል። እሱ ሩጫ ግድ አይሰጠውም፤ የሱ ነገር የጎረቤት እርግቦች ናቸው። ለጊዜው ስንት እንደበረሩና ስንት ጣሪያው ላይ እንደቀሩ እሱ ይነግረኛል፣ እኔ እሰማለሁ።