የእቴቴ የቡና አበባ

ቡና ሲያብብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መጋቢት ላይ ዝናብ ጣል ያደርጋል። ከዚያ ሳምንት ገደማ ይቆይና አንድ ቀን ጠዋት ስትነሱ ማሳው ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሽታው ገና መንገድ ላይ ነው የሚቀበላችሁ። ዕድሜው ግን ሁለት ሦስት ቀን ነው። ከዚያ ይጠወልግና ይረግፋል።

በ2015 መጋቢት አክስቴ ደወለችልኝ። እኛ እቴቴ ነው የምንላት። አጋሮ አካባቢ ነው የምትኖረው። «አብቧል፣ ነገ ካልመጣህ አታገኘውም» አለችኝ። በማግስቱ ድሮኔን ይዤ ከጅማ በጠዋት ወጣሁ።

የቡና ማሳ ከላይ መቅረጽ ቀላል አይደለም። ጥላ ዛፎቹ ይሸፍኑታል። ከፍ ብላችሁ ብታዩ ጫካ እንጂ ቡና አይታያችሁም። ስለዚህ መጀመሪያ መንገዱን፣ የቤቱን ቆርቆሮና የማድረቂያ አልጋዎቹን ቀረጽኩ። በሁለተኛው ባትሪ ዝቅ ብዬ በዛፎቹ መሀል ገባሁ። እቴቴ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከጓሮ ወጣች። ድሮኑ ከፊቷ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ እየሸሸ፣ እሷ በነጩ አበባ መሀል ትሄዳለች። አንድ ቦታ ላይ ቆማ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ወደ ላይ አየች። በሥራዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማታ መንደራ ቤቴ ገብቼ የድሮኑን ሚሞሪ ካርድ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁ። 41 ፋይል ነበር። ኮፒ ብዬ እራት ልበላ ተነሳሁ። መሀል ላይ መብራት ጠፋ።

ከእንቅልፌ ስነሳ መብራት መጥቷል። ፎልደሩን ከፈትኩት፣ ፋይሎች ተደርድረዋል። «እሺ፣ ገብቷል» ብዬ ዘጋሁት። አልቆጠርኩም። በዚያው ጠዋት የሠርግ ሥራ ነበረብኝ። ሚሞሪውን ድሮኑ ላይ መልሼ ፎርማት አደረግኩት፣ ማለትም ለአዲስ ቀረጻ ባዶ እንዲሆን አጸዳሁትና ወጣሁ።

ከሳምንት በኋላ ኤዲት ልሠራ ስቀመጥ ፎልደሩ ውስጥ ያሉት 18 ፋይሎች ብቻ ሆነው አገኘኋቸው። አስራ ስምንተኛው መጠኑ ሙሉ ነው፣ ሲከፈት ግን ምንም የለውም። ዊንዶውስ ኮፒ ሲጀምር ለፋይሉ የሚሆነውን ቦታ አስቀድሞ ይይዛል። መብራቱ የጠፋው እዚያ ላይ ነው። መጠኑ አለ፣ ውስጡ ባዶ። ኮፒው በተራ ቁጥር ስለሚሄድ የተረፉልኝ የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ መንገዱ፣ ቆርቆሮው፣ ማድረቂያ አልጋው። እቴቴ ያለችበት አንድም የለም።

ፎርማት ሲደረግ ቀረጻው ወዲያው አይጠፋም። የሚጠፋው ማውጫው ነው። መጽሐፍ ማውጫው ተቀዶ ገጾቹ እንዳሉ እንደሚቀሩት ማለት ነው። ስለዚህ በስህተት ፎርማት ካደረጋችሁ ሚሞሪውን ወዲያው አውጡት፤ አንድ ፎቶ እንኳ አታንሱበት። ፎቶሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ገጾቹን ፈልጎ ያወጣል። እኔ ግን በ64 ጊጋው ሚሞሪ ላይ ሠርግ ቀርጬበት ነበር። ስድስት ፎቶ አገኘሁ። ቪዲዮ የለም።

ስልኬ ውስጥ ግን ትንሽ ነገር ተገኘ። ድሮን ስታበሩ ስልካችሁ ላይ የምታዩትን ምስል አፑ በዝቅተኛ ጥራት ሊያስቀምጠው ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አብሩት። ደብዛዛ ነው፣ ይቆራረጣል። ግን እቴቴ እጇን ግንባሯ ላይ ስትጋርድ ይታያል።

በሚቀጥለው ዓመት እቀርጸዋለሁ እንዳልል ጥር ላይ ማሳው ተጎነደለ። ቡናዎቹ አርጅተው ነበር። ጉንደላ ማለት ግንዱን ከታች ቆርጦ አዲስ ቀንበጥ እንዲያወጣ ማድረግ ነው፤ እንደገና ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ይወስዳል። እቴቴ ግን በደወለች ቁጥር «ያ አበባ የት ደረሰ?» ትለኛለች።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ቀይሬዋለሁ። ዋናው ነገር ሚሞሪ የማስቀመጫ ቦታ አለመሆኑ ነው። ቀረጻው ሁለት የተለያየ ዲስክ ላይ ገብቶ ሳላየው ፎርማት የሚባል ነገር አልነካም። ማየት ስል እንዲህ ነው፦ የፋይሉን ብዛት ሚሞሪው ላይ እቆጥራለሁ፣ ዲስኩ ላይ እቆጥራለሁ፣ ጠቅላላ ጊጋውን አስተያያለሁ። ከዚያ የመጨረሻውን ፋይል ከፍቼ እስከ መጨረሻው ሴኮንድ አያለሁ። ቴራኮፒ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ኮፒውን ከዋናው ጋር ራሱ ሊያመሳክር ይችላል። ጊዜ ይወስዳል፣ ቡና እስኪፈላ ይጨርሳል። «ከት» አድርጋችሁ፣ ማለትም ከሚሞሪው ላይ እያነሳችሁ፣ ግን በፍጹም አታዛውሩ። እና ኮፒ የማደርገው በላፕቶፕ ነው፤ መብራት ቢጠፋ ባትሪው ይይዘኛል።

ሦስተኛው ኮፒ ቦቾ ቦሬ እህቴ ቤት ነው። ቁም ሣጥኗ ውስጥ፣ ክዳኑ ጥብቅ በሚል ዕቃ፣ ከእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጋር ተቀምጧል። የጅማን ክረምት የምታውቁ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። በየወሩ መጨረሻ ሄጄ ዲስኩን እቀይራለሁ። ሦስት ኮፒ፣ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ የሚለውን ሕግ ያስተዋወቀው ፒተር ክሮግ የሚባል አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ነው። ቤት ቢቃጠል፣ ሌባ ቢገባ፣ አንዱ ይተርፋል።

«ለምን ኢንተርኔት ላይ አትጭነውም?» የሚሉኝ አሉ። እስቲ አብረን እናስላው። የእኔ ድሮን በ4ኬ፣ በከፍተኛ ጥራት ማለት ነው፣ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ይጽፋል። ስምንት ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ስለሆነ በደቂቃ 750 ሜጋባይት ነው። 20 ደቂቃ ካበረርኩ 15 ጊጋ ሞላ። ጉግል በነፃ የሚሰጠው ቦታ በአንድ ባትሪ አለቀ ማለት ነው። መጫኛ ፍጥነቱ በሴኮንድ 5 ሜጋቢት ቢሆን፣ ሳይቋረጥ ከ6 ሰዓት ተኩል በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ወደ ኢንተርኔት የምልከው ኤዲት ያለቀውንና የመረጥኳቸውን ፎቶዎች ብቻ ነው።

መንገድ ላይ ሌላ ነው። ባለፈው ወደ ቦንጋ ስሄድ ላፕቶፕ አልያዝኩም። ካርድ ሪደር (ሚሞሪው የሚሰካበት) እና ትንሽ ኤስኤስዲ የሚባል ዲስክ በአንድ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ከስልኬ ጋር አገናኝቼ በፋይል ማኔጀር ኮፒ አደረግኩ። ኤስኤስዲው የስልኩን ባትሪ ስለሚበላ ማከፋፈያው ላይ ፓወር ባንክ ሰክቻለሁ። የሞላውን ሚሞሪ ጀርባው ላይ ፕላስተር ለጥፌ ቁጥር እጽፍበታለሁ፤ ፕላስተር ያለበት ቤት እስኪገባ አይነካም። ጉዞ ላይ ፎርማት የለም፣ ተጨማሪ ሚሞሪ ነው የምይዘው። ሚሞሪዎቹ ደረት ኪሴ ውስጥ፣ ኤስኤስዲው አብሮኝ የሚሄደው ልጅ ቦርሳ ውስጥ። አውቶቡስ ጣራ ላይ የሚጫን ሻንጣ ውስጥ ምንም አላስቀምጥም።

ስለ ስያሜም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ጓደኞቼ የተቸገሩበት ነው። ድሮኑ ቀን የሚመዘግበው በፈረንጅ ነው፣ እኛ ፎልደር የምንሰይመው በእኛ አቆጣጠር። «2015» የሚል ፎልደር ስታዩ የየትኛው 2015 ነው? ሰባት ስምንት ዓመት ትሳሳታላችሁ። እኔ በፈረንጅ ዓመት፣ ወርና ቀን እጀምርና ከጎኑ ቦታውንና የእኛን ወር በቃል እጽፋለሁ። ሌላው፣ አንዳንድ ድሮን ፎርማት ሲደረግ የፋይል ቁጥሩን እንደገና ከ1 ይጀምራል። የሁለት ቀን ቀረጻ አንድ ፎልደር ውስጥ ካስገባችሁ «ልተካው?» ብሎ ይጠይቃችኋል። እሺ ካላችሁ የትናንቱ ሄደ። ለእያንዳንዱ በረራ የራሱ ፎልደር ይኑረው።

ባለፈው ሐሙስ እቴቴ ለገበያ ጅማ መጥታ ነበር። ደብዛዛዋን ቪዲዮ ስልኬ ላይ አሳየኋት። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። «እኔ ነኝ እንዴ?» አለች። ከዚያ የተጎነደሉት ወገቧ ድረስ እንደደረሱ ነገረችኝ። ባዶ ሚሞሪዎቹን አዘጋጅቻለሁ። እንዳበበ ትደውልልኛለች።