ለዝንብ ናሙና በእስክሪብቶ አትጻፉ

በ2010 ዓ.ም. መስከረም ላይ ጎጃም፣ ሜጫ ውስጥ፣ ከመራዊ ወጣ ባሉ ቀበሌዎች፣ ዝንብ ስሰበስብ ሰነበትኩ። ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬ ነበር። አንድ ሰው ቀደም ብሎ "በእስክሪብቶ እንዳትጽፍ" ቢለኝ ኖሮ የዚያ ክረምት ድካሜ ሜዳ ላይ አይቀርም ነበር። ማንም አላለኝም። ስለዚህ ዘንድሮ ቲዩብና አይስ ቦክስ ይዞ ገጠር ለሚወርድ ሁሉ እኔ እላለሁ።

ነገሩ የከብት ጉርብርብ ነው። ከብት ያደገበት ሰው ያውቀዋል። መጀመሪያ ያተኩሰዋል፣ ዓይኑ ያነባል፣ ከዚያ ቆዳው ላይ ጠንካራ እብጠት ይወጣል፤ አንዳንዱ የባቄላ ፍሬ ያህላል፣ አንዳንዱ የእንቁላል። ላም ከሆነች ወተቷ ይነጥፋል። በሬ ከሆነ ቀንበር አይሸከምም፣ ጥማዱ ይፈርሳል፣ ጥማዱ ከፈረሰ ደግሞ የዚያ ቤት ዓመት ተበላሸ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከታመሙት የሚሞቱት ከመቶ አሥር አይሞሉም። "ታዲያ ምን አለበት" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ግን እናደዳለሁ፤ ያልሞተ በሬ ሁሉ ያርሳል ማለት አይደለምና።

ቫይረሱ የበግና የፍየል ፈንጣጣ ዘመድ ነው። ሰው አይዝም። መጀመሪያ የታወቀው በ1929 እንደ ፈረንጆች፣ ዛምቢያ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታየው ደግሞ በ1983፣ እሱም እንደ ፈረንጆች፣ ከጣና ደቡብ ምዕራብ ነው። ማለትም እኔ ጥጃ ስጠብቅ ባደግኩበት አቅጣጫ። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ደነገጥኩ። ርዕሱን የመረጥኩትም በዚያው ቀን ነው።

የሚያስተላልፉት በዋናነት ደም የሚመጥጡ ነፍሳት ናቸው። እንደ ወባ ነፍሳቱ ሆድ ውስጥ ተራብቶ አይደለም፤ በሽተኛ ከብት የነከሰበት አፉ ተበክሎ ጤነኛው ላይ ሲያርፍ ነው። ያልተቀቀለ መርፌ ከከብት ከብት እንደማዞር ቁጠሩት። ለዚህም ነው በሽታው ክረምቱ ሲወጣ፣ ዝንቡ ሲፈላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሚበረታው። የኔ ጥያቄ ቀላል ነበር፦ በእኛ አገር በረት ውስጥ የታመመው ከብት ላይ የሚያርፈው የትኛው ነው? ቫይረሱስ አለበት?

የትብብር ደብዳቤ ለማውጣት ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ወጥመዱን፣ ማለትም ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ ያለውን፣ ከየበረቱ አጠገብ ተከልኩ፤ ጉንዳን እንዳይወጣ ምሰሶውን ግራሶ ቀባሁ፤ ለሽታ አሴቶንና የቆየ የላም ሽንት አስቀመጥኩ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ በመረብ ከከብቱ እግር ላይ እይዛለሁ። የበረት ዝንብ የሚወደው እግር ነው። የቤት ዝንብ ይመስላል፣ ግን አፉ እንደ መርፌ ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ይታያል። ወንዱም ሴቱም ይነክሳል። ከብት ቆማ እግሯን ስትደበድብ ካያችሁ እሱ ነው።

በአምስት በረት፣ በአሥር ቀን፣ 74 ቲዩብ ሞላሁ። አንድ ቲዩብ ማለት አንድ ከብት፣ አንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት ዝንብ ነው። ከበረቶቹ አንዱ አያ እያልኩ የምጠራቸው አዛውንት በረት ነበር። በሬያቸው በጉርብርብ ተይዞ ተኝቶ ነበር። በየቀኑ ጠላ ያቀርቡልኛል፣ መረቡን ይይዙልኛል፣ እና አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፦ "የኔ ልጅ፣ እንግዲህ በሬየን ያስያዘው የትኛው ዝንብ ነው?" "ላቦራቶሪው ይነግረናል አያ፣ ጠብቁኝ" አልኳቸው። ቃል ገባሁ ማለት ነው።

አሁን ወደ ክፉው ነገር።

የተሰጠኝ መመሪያ ዝንቦቹ ደረቅ ሆነው በቅዝቃዜ ይቀመጡ ይላል። ጥሩ መመሪያ ነው፣ መብራት ለማይጠፋበት አገር። እኔ ፍሪዘር አልነበረኝም። አንድ መሥሪያ ቤት ለክትባት የሚጠቀምበት ነበረው፤ የዚያን ሰሞን ባዶ ነበር። ኃላፊውን ለመንኩ፣ እሺ አለኝ። ሰኞ መስከረም 15 ጠዋት 74ቱን ቲዩብ በሳጥን አድርጌ አስገባሁ። "ናሙና ነው" አልኩት። "እሺ እሺ" አለኝ። በቃ። ስልኩን እንኳን በደንብ አላረጋገጥኩም።

ማክሰኞ ደመራ፣ ረቡዕ መስቀል። ሐሙስ ሄድኩ፣ ዝግ ነው። ጥበቃው "ቁልፉን ይዞ አገር ቤት ሄዷል" አለኝ። ስደውል ስልኩ አይሠራም። ዓርብ ሄድኩ፣ ዝግ ነው። ቅዳሜ እዚያው በር ላይ ቁጭ ብዬ ዋልኩ፤ ምን እንደምጠብቅ አላውቅም፣ ግን ከዚያ መራቅ አልቻልኩም። ሰኞ 22 ኃላፊው መጣ። ፊቱ ላይ የበዓል ደስታ አለ።

"ናሙናዬስ?" አልኩት።

"የቱ ናሙና?"

"ፍሪዘር ውስጥ ያስገባሁት።"

"እንዴ፣ እሱማ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዳይቃጠል ብዬ ሰኞ ማታ ነቅዬው ነው የሄድኩት።"

ከፈትነው። ሽታው ወጣ። በረዶው ቀልጦ ሳጥኑ በውኃ ተሞልቷል፣ ከውጭ የለጠፍኩት ፕላስተር ተላጥቶ ይንሳፈፋል። አንድ ሳምንት ሙሉ። ሰውየው ዓይኔን አይቶ "ለዝንብ ነው እንዲህ የምትሆነው? ዝንብ ሞልቶ የለም እንዴ?" አለኝ። ያን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የከብት ጤና ደሞዝ የሚበላ ሰው ነው ይህን የሚለኝ። ንብረት እንዳይቃጠል መንቀሉ ይገባኛል፤ ከፍቶ ማየት፣ መደወል፣ ለጥበቃው ቁልፍ መተው ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ለዓመታት ይህን ታሪክ ሳወራ እዚህ ላይ ነበር የምጨርሰው። ጥፋቱ የሱ እንደሆነ አድርጌ። እውነቱ ግን ከዚህ በኋላ ነው ያለው።

የዚህ ዓይነት ቫይረስ በቀላሉ የሚጠፋ አይደለም። ሕያው ቫይረስ ለማሳደግ ባይሆንም፣ ዘረመሉን ፈልጎ ለማግኘት ከነዚያ ዝንቦች ብዙዎቹ ሊመረመሩ ይችሉ ነበር። በየቲዩቡ ውስጥም ትንሽ ወረቀት አስገብቼ ነበር፦ በረት፣ ከብት፣ ቀን። ሳጥኑን ስከፍት ወረቀቶቹ ረጥበዋል፣ ግን ይነበባሉ። ሁሉም። ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ደብተር ላይ ብገለብጣቸው ኖሮ አንድ ሰዓት ነበር የሚወስደው።

እኔ ምን አደረግሁ? ተደናገጥኩ። ሮጬ ፋርማሲ ሄድኩ፣ 70 ፐርሰንት አልኮል ገዛሁ፣ ማደሪያዬ ገብቼ በ74ቱም ላይ ሞላሁባቸው። ከዚህ በላይ እንዳይበሰብሱ ብዬ። ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ፈሳሹ ሰማያዊ ሆኗል። ወረቀቱን በመቆንጠጫ ሳወጣ ነጭ ነው። የእስክሪብቶን ቀለም ውኃ ላያስለቅቀው ይችላል፣ አልኮል ግን ያሟሟዋል። ይህን የነፍሳት ሥራ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቃል። በእርሳስ ቢጻፍ ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር። ያኔ አምስት ብር የማይሞላ እርሳስ።

አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ 74 ቲዩብ ዝንብ ፊቴ ደርድሬ አየሁ። ዝንቦቹ አሉ። የቱ ከየትኛው ከብት እግር ላይ እንደተያዘ ግን የሚያውቅ የለም። የአያ በረት ዝንብ የቱ ነው? ከጤነኛ ከብት የተያዘው የቱ ነው? ይህ ካልታወቀ ቫይረስ ቢገኝበት እንኳን ምን ይነግረኛል?

ጥቅምት ላይ እንደገና ወጣሁ። ዝንቡ ቀንሷል፣ በእነዚያ በረቶች አዲስ የታመመም የለም። ርዕሴን ቀይሬ ስለ ዝንቦቹ ብዛትና ዓይነት ብቻ ጽፌ ተመረቅሁ። በ2019 እንደ ፈረንጆች ቤልጂየም ውስጥ በተሠራ ሙከራ የበረት ዝንብ ቫይረሱን ከታመመ ወደ ጤነኛ ከብት ሲያስተላልፍ መታየቱን ሳነብ ግማሹ ልቤ ደስ አለው፣ ግማሹ አለቀሰ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ከመመሪያው ጋር የማይስማማም አለበት፣ ግድ የለም። የሰበሰባችሁትን በዚያው ቀን ለሁለት ክፈሉት፦ ግማሹ ቅዝቃዜ ውስጥ፣ ግማሹ 96 ፐርሰንት አልኮል ውስጥ። "ደረቅ ብቻ" ቢሏችሁ እሺ በሉና ግማሹን ብቻ በደረቅ አስቀምጡ። በእርሳስ ጻፉ፣ ወረቀቱን ከውስጥ አድርጉ፣ ቁጥሩን ደግሞ ቲዩቡ ላይ በሚስማር ጫሩት። ማታ ሳትተኙ ዝርዝሩን ደብተር ላይ ገልብጡ፣ በስልክም ፎቶ አንሱት። የመሥሪያ ቤት ፍሪዘር አትመኑ። በሁለተኛው ዙር ጀነሬተር ያለው ሆቴል ሄጄ መጋዘን ውስጥ ከአገልግሎት የወጣ፣ ምግብ የማይገባበት ፍሪዘር ተከራየሁ፤ ባለቤቱ በየቀኑ እየከፈተ አይቶ ይደውልልኝ ነበር። በዓል ሲመጣ ከናሙናችሁ አትለዩ። እናንተም መስቀልን እዚያው አክብሩ።

ከብት ላለው ሰው ደግሞ፦ በረቱ ጥግ የተከመረውን አዛባ በየሳምንቱ ጥረጉት። የበረት ዝንብ የሚራባው ከጭድ ጋር በተቀላቀለ እርጥብ እበት ውስጥ ነው፣ ከእንቁላል እስከ ዝንብ ለመሆን ደግሞ ሙቀት እያለም ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ክትባቱን ግንቦት ላይ፣ በሽታው ሳይመጣ ጠይቁ፤ ከተወጋ በኋላ ሰውነቱ እስኪጠነክር ሦስት ሳምንት ያህል ይወስዳል። ከከታቢው ሰው ጋር ተጣልታችሁም ቢሆን፣ በሽታ በገባበት መንደር በአንድ መርፌ መንጋ ሙሉ አታስወጉ። ያ መርፌ ከዝንቡ አይሻልም።

ኅዳር ላይ አያ ዘንድ ሄድኩ። በሬው ተርፏል፣ ግን ከስቷል፣ ለዚያ ዓመት አላረሰም። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና "እንግዲህ የዝንቡን ነገር አላወቅነውም ማለት ነው" አሉ። አላወቅነውም አልኳቸው። ያወቅነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከበሬያቸው እብጠት ላይ የወሰድኩት ደረቅ ቅርፊት ተመርምሮ ቫይረሱ ተገኝቶበታል። ቫይረሱ ደረቅ ቅርፊት ውስጥ ከወር በላይ ይቆያል፣ ፍሪዘርም አላስፈለገውም፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር የከረመው። ቅርፊቱ የነበረበት ቲዩብ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ። በእስክሪብቶ ነው የጻፍኩበት። አልኮል ስላልነካው ይነበባል።