ለስካውት ልጆቻችን የደንብ ልብስ ያሰፋንበት መንገድ

በአዲስ አበባ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰብ የስካውት ቡድን እመራለሁ። ለልጆቹ የደንብ ልብስ እንዲሰፋላቸው ከወላጆች ጋር በተስማማን ጊዜ ሥራውን የተረከብኩት እኔ ስሆን፣ ከመጀመሪያው አጥብቄ የያዝኩት ነገር ማንም ልጅ ከጓደኞቹ ቀድሞም ሆነ ዘግይቶ እንዳይለብስ ነበር። ከልጆቻችን መካከል ወላጆቻቸው በፈለጉት ሳምንት ሙሉ ልብስ ሊያሰፉላቸው የሚችሉ አሉ፤ የመስከረም ደብተር ራሱ የሚከብዳቸው ቤተሰቦች ልጆችም አሉ። የስካውት መሥራች ሮበርት ቤደን ፓውል እ.ኤ.አ. በ1907 በብራውንሲ ደሴት የመጀመሪያውን የሙከራ ካምፕ ሲያካሂድ የባለጸጋና የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆችን አንድ ላይ አሰባስቦ ነበር። የደንብ ልብስ በስካውት ዘንድ ይህን ያህል ቦታ የተሰጠው ልጆች ከየቤታቸው ይዘውት የሚመጡትን ልዩነት ስለሚሸፍን ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ልብሱ ራሱ የልዩነት ምክንያት እንዲሆን ልፈቅድ አልቻልኩም።

በወላጆች ስብሰባ ላይ ቀድሞ የቀረበው ሐሳብ እቁብ ነበር። በየወሩ እኩል ገንዘብ ተዋጥቶ እጣ ለወጣላቸው ልጆች እንዲሰፋላቸው፣ ቀሪዎቹም ተራቸውን እንዲጠብቁ ነበር የታሰበው። እቁብ የብዙዎቻችንን ቤት ያቆመ ነገር መሆኑን ባውቅም ለዚህ ጉዳይ ግን አልተስማማሁም፤ እጣ የወጣለት ልጅ አዲስ ልብስ ለብሶ ሲሰለፍ አጠገቡ የሚቆመው ልጅ ወራት ሙሉ ማየት ብቻ ይሆናል ድርሻው። ከብዙ ውይይት በኋላ እያንዳንዱ ቤተሰብ በየወሩ የሚችለውን ያህል እንዲከፍል፣ ገንዘቡም በሦስት ወላጆች ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ እንዲቀመጥ፣ ማን ስንት እንደከፈለ ከገንዘብ ያዧ በስተቀር ማንም እንዳያውቅ ተስማማን። የሁሉም ልጆች ወጪ እስኪሟላ ድረስም አንድ ሸሚዝ እንኳ እንዳይቆረጥ ወሰንን። ይህ ውሳኔ ሥራውን አዘግይቶታል፤ ነገር ግን ዛሬም ቢሆን ከዚህ የተለየ መንገድ አልመርጥም።

ጊዜውንም በጥንቃቄ መምረጥ ያስፈልግ ነበር። ከነሐሴ እስከ መስከረም ልብስ ሰፊዎች በትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይጨናነቃሉ፤ የገናና የፋሲካ ዋዜማም እንዲሁ ነው። ከጥምቀት በኋላ ባሉት ሳምንታት ግን ሥራ ይቀዘቅዛል፤ ለዋጋ ድርድርም ሆነ ለጥንቃቄ የሚበቃ ጊዜ የሚገኘው ያኔ ነው።

ጨርቁን የገዛነው ከመርካቶ ነው። ሙሉ ፖሊስተር ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ ካውያም ብዙ አይፈልግም፤ ይሁን እንጂ ላብ አይመጥም፣ ካምፕ ላይ የእሳት ፍንጣሪ ካረፈበትም ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ንጹሕ ጥጥ ደግሞ ለልጅ ገላ ይስማማል፤ ግን ቶሎ ይጨማደዳል፣ ቀለሙም በየእጥበቱ ይለቃል። ስለዚህ ጥጡ የሚያመዝን ድብልቅ ካኪ መረጥን። ነጋዴው «ሁሉም አንድ ነው» ብሎ ሁለት ጣቃ ሲያወጣልን ሁለቱንም ወደ ደጅ አውጥተን በፀሐይ ብርሃን ጎን ለጎን ዘረጋናቸው፤ በሱቁ መብራት አንድ የመሰለው ቀለም ደጅ ላይ አንደኛው ወደ ቢጫ፣ ሌላኛው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሆኖ ተገኘ። በአንድ ጊዜ ቀለም ካልተነከረ ጨርቅ የተሰፋ ልብስ ልጆቹ በተሰለፉ ቁጥር ያስታውቃል። በመጨረሻ ቀለማቸው ፍጹም አንድ የሆኑ ጣቃዎች እስክናገኝ ድረስ ገንዘባችንን አላወጣንም።

ከመቆረጡ በፊት 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ በሙቅ ውኃ አጥበን ካደረቅነው በኋላ ስንለካው በቁመቱ 48 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ይህ ትንሽ ቢመስልም 60 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም ሸሚዝ ላይ ሲታሰብ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ማጠር ማለት ነው። ስለዚህ ጨርቁ ሁሉ ተነክሮ፣ ደርቆና ተተኩሶ ነው ለልብስ ሰፊው የተሰጠው።

ልብስ ሰፊው በሰፈራችን ጋሼ ብለን የምንጠራቸው አዛውንት ናቸው። ልጆቹን ለማስለካት ስወስዳቸው ሜትሩን አንገታቸው ላይ አድርገው «ልጄ፣ እነዚህ ቆመው የሚውሉ ልጆች አይደሉም፤ እስቲ ቁጢጥ ይበሉልኝ» አሉኝ። እያንዳንዱን ልጅ ቁጢጥ አስብለው የጀርባውንና የጭኑን ልክ ወሰዱ፤ ከዚያም ሁለት እጁን ወደ ላይ አስነስተው ሸሚዙ ከሱሪው ሾልኮ እንዳይወጣ ምን ያህል መርዘም እንዳለበት አሰሉ። ገመድ የሚቋጥር፣ ድንኳን የሚተክል ልጅ ልብሱ የሚቀደደው በብብቱና በመቀመጫው በኩል መሆኑን ከሥራ ልምዳቸው ያውቃሉ፤ እነዚህን ቦታዎች ሁለት ጊዜ ሰፉልን። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በዓመት 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ከሱሪው ግርጌ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ እንዲታጠፍ፣ በሸሚዙ ጎንና ጎንም 3 ሴንቲ ሜትር ትርፍ እንዲተው ተስማማን። እጥፋቱ ሲፈታ የቀድሞው መስመር በመጠኑ ቢታይም ሱሪው ሁለት ዓመት ያህል ያገለግላል። ዓርማው የደረት ኪስ ላይ የሚያርፍ በመሆኑ ኪሱ አብሮ እንዳይሰፋ በመኪና ሳይሆን በእጅ ተሰፍቷል፤ ዓርማውንም ገበያ ላይ ከማስጠለፍ ይልቅ በስካውት ማኅበሩ በኩል ማግኘትን መርጠናል።

አንገት ላይ የሚታሰረው ስካርፍ ከሁሉም የቀለለ ሥራ ነበር። ጨርቁ 150 ሴንቲ ሜትር ስፋት ስላለው በየ75 ሴንቲ ሜትሩ ሲቆረጥ ሁለት እኩል አራት ማዕዘኖች ይወጣሉ፤ እነዚህ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሲከፈሉ አንድም ቁራጭ ሳይባክን አራት ስካርፍ ይሆናሉ። የረጅሙ ጎን ልክ ከ1 ሜትር በጥቂቱ ያልፋል፤ ለልጅ አንገት የሚበቃ ሲሆን የተጎዳ ክንድ ለማንጠልጠልም ያገለግላል። አንገት ላይ የሚያዝበትን ቀለበት ከቆዳ ሠሪዎች ባገኘነው ቁርጥራጭ ልጆቹ ራሳቸው ሠርተውታል።

ስለ ሴቶች ልጆች ልብስ ከእናቶቻቸው ጋር ለብቻ ተነጋግረናል። ከተመሳሳይ ካኪ ሱሪ ወይም ረጅም ቀሚስ እንዲመርጡ፣ ሂጃብ ለሚለብሱትም የሸሚዙ እጅጌ እስከ አንጓ እንዲደርስና ሂጃቡ ከዚያው ጨርቅ እንዲሰፋ አደረግን። አንዲት ልጅ ደንቡን ለመጠበቅ ስትል ሃይማኖቷን ወይም ምቾቷን እንድትተው መጠየቅ ተገቢ አይደለም። ጫማን ግን ሆን ብለን ከደንብ ልብሱ አስወጥተነዋል፤ ንጹሕና ጣትን የሚሸፍን ይሁን እንጂ ዓይነቱ አይጠየቅም። ለጫማ ደንብ ብናወጣ ኖሮ በሸሚዙ የሸፈንነውን ልዩነት በእግር በኩል መልሰን እናወጣው ነበር።

ልብሱ የቡድኑ ንብረት ነው። ልጁ ሲጠበው ታጥቦ ይመለሳል፤ ገንዘብ ያዧም የልኩን ቁጥር በደብተር መዝግባ ለሚቀጥለው ልጅ ትሰጣለች። ከዚያው ካኪ ጥቂት ሜትር ጨርቅና ትርፍ ቁልፎች ለመጠገኛ ተቀምጠዋል፤ በመካከለኛ ልክ የተሰፉ ተጨማሪ ሸሚዞችም አሉን። በዓመቱ አጋማሽ አዲስ ልጅ ሲመጣ የስካውት ቃል ኪዳኑን በሚገባበት ቅዳሜ ልብሱ ተተኩሶ ይጠብቀዋል፤ ቤተሰቡም የሚችለውን መክፈል የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።