ቡገንቪሊያዬ ለምን አላበበም?

ዛሬ ሐዋሳ፣ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡ እናት ጋ ቆምኩ።
«እማማ፣ ቡገንቪሊያዬ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቅጠል ብቻ ሆነብኝ።»
«ስንቴ ታጠጫለሽ?»
«ጠዋትና ማታ።»
«አጥግበሽዋላ ልጄ! የጠገበ ቅጠል ነው የሚያወጣ። አፈሩ ሲደርቅ ብቻ አጠጪው፤ ፀሐይም ያግኝ።»

ከዚያ አንድ ሮዝ «አበባ» ቀጥፈው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ለካ አበባ አይደለም! ሦስቱም ሮዝ ክፍሎቹ ቀለም የያዙ ቅጠሎች ናቸው፤ እንደ ወረቀት የሳሱ፣ ደም ሥራቸው የሚታይ። እውነተኞቹ አበቦች መሃል ላይ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው፤ ጫፋቸው ነጭ፣ የክብሪት ራስ የሚያክል። ስንት ዓመት በዚህ ተክል ሥር ሳልፍ አንድ ቀን አላየኋቸውም።

«ልጄንስ እንዲሁ አጥግቤ ይሆን?» እያልኩ መንገዱን ሁሉ እያሰብኩ ተመለስኩ። ማታ እንደ ልማዴ ጆጉን ሞልቼ ወጣሁ፤ አፈሩን በጣቴ ነካሁት፤ እርጥብ ነው። ጆጉን ይዤ ገባሁ።