ቢራ መጥመቅ የእናቴን ጓዳ ከፈተልኝ

አሜሪካ ቤቴ ውስጥ ቢራ መጥመቅ ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም። ሕጉ ይፈቅዳል። በ1978 እ.ኤ.አ. በጸደቀው የፌዴራል ሕግ፣ ሁለት አዋቂ ያለበት ቤት ለራሱ መጠጫ በዓመት እስከ 200 ጋሎን መጥመቅ ይችላል። መሸጥ ግን አይቻልም።

ለእረፍት ጎጃም፣ ደንበጫ ስገባ እናቴ የማርያም ጽዋ ተራ ደርሷት ለጠላው ስትሰናዳ አገኘኋት። "ላግዝሽ" አልኳት። "ወንድ ልጅ ከጋን ሥር ምን ይሠራል?" ብላ ሳቀች። በእኛ አገር ወንዱ ጠላ ይጠጣል እንጂ አይጠምቅም። እዚያ ቤት አድጌ፣ ጥንስስ ሲጣል ቆሜ አይቼ አላውቅም።

ጋኑን በግራዋ ቅጠል አሽታ አጠበችው። ከዚያ በወይራ አጠነችው። ጀማሪ ጠማቂ ከሁሉ በፊት የሚማረው ይህንኑ ነው፤ ዕቃው ካልጸዳ መጠጡ ይበላሻል። እኔ በኬሚካል የማደርገውን እሷ በቅጠልና በጢስ ታደርገዋለች። ጢሱ ደግሞ ለጠላው መዓዛ ይሆነዋል።

የተወቀጠ ጌሾ ከትንሽ ብቅል ጋር በውሃ ጠነሰሰች።

"እርሾውስ?" አልኳት።

"ጌሾው አለ አይደል እንዴ!"

እኔ እርሾ የምገዛው በከረጢት ነው። እሷ ጋ ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከጋኑ ራሱ ይመጣል። ጌሾው፣ ሆፕስ የሚባለው ተክል አበባ ለቢራ የሚሰጠውን ምሬትም ይሰጣል።

ጥንስሱ ሲደርስ ቂጣው ተቆራርሶ ከብቅል ጋር ገባ። ቀጥሎ እንኩሮው። የዳጉሳና የበቆሎ ዱቄት በውሃ ታሽቶ ምጣድ ላይ ሲታመስ ሽታው ግቢውን ሞላው። ወደ ጋኑ ልጨምረው ስል እጄን ያዘችኝ። "ሳይበርድ ከገባ ጥንስሱን ይገድለዋል!"

ደነቀኝ። እኔም የፈላውን ብቅል ወደ 20 ዲግሪ ሳላወርድ እርሾ አልጨምርም፤ ሙቀት እርሾ ይገድላል። ይህን ያወቅኩት አንብቤ ነው፣ የምለካውም በቴርሞሜትር ነው። እናቴ እጇን ትሰዳለች፣ ይበቃታል። ይህን ዕውቀት ማንም ሙያ ብሎ አልመዘገበላትም። ያናድደኛል።

ከዚያ በፊት ስደውል ወሬያችን "ደህና ነሽ? ብሩ ደረሰሽ?" ነበር፤ ቶሎ ያልቅብናል። ስደት እንዲህ ያደርጋል፣ ትናፍቃለህ፣ የምታወራው ግን ታጣለህ። አሁን ስለ ጥንስሱ፣ ስለ ድፍድፉ፣ መቼ ውሃ እንደሚሞላ እየተጠያየቅን ሰዓቱ ይሄዳል። አያቴ እንዴት እንዳስተማረቻትም የነገረችኝ በዚሁ ሰበብ ነው።

ጌሾና ብቅል ከሐበሻ ሱቅ እገዛለሁ። ጋን ስለሌለኝ የምጠምቀው በመስታወት ዕቃ ነው። ባለፈው ጠላዬ ነጣ ብሎ ወጣ። በቪዲዮ ባሳያት ቂጣውን ጠቆር እስኪል እንዳበስለው፣ እንኩሮውንም ከምጣዱ ቶሎ እንዳላወጣው አዘዘችኝ። ቅዳሜ እንደገና እጠነስሳለሁ።